በማግኔቱ ላይ ያገኘነው



ለሴሚስተር እረፍት ኮምቦልቻ በገባን በማግስቱ አባታችን ሚኒባሷን ሊሸጧት እንደሆነ ነገሩን። እኛ ወንድማማቾች መድረሳም ሆነ የመንግሥት ትምህርት ቤት የተመላለስነው በእሷ ገቢ ነው። ገዢ ተገኝቷል፤ በዋጋም ተስማምተዋል። ገንዘቡ ለእህታችን የኮሌጅ ክፍያ ታስቧል። «ለሰው ስናስረክባት ንጹሕ ትሁን፤ የዲፍረንሻሉን ዘይት ቀይሩልኝ» አሉን።

ዲፍረንሻል ማለት በኋላ ጎማዎች መሐል ያለው ድብልብል ብረት ነው። መኪና ሲታጠፍ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ ርቀት ስለሚሄድ፣ ሁለቱ በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ ያደርጋል። የደሴን ዳገት ቀን በቀን ለምትወጣ መኪና ሸክሙ ብዙ ነው። ጥርሶቹ ሲዞሩ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፤ ስለዚህ የሞተር ዘይት አይበቃውም፤ ጂኤል-5 የሚባለው ወፍራም የማርሽ ዘይት ያስፈልገዋል። ሰልፈር አለበትና ሽታው ከእጅ ቶሎ አይለቅም፤ ለጁምዓ ቀን አንመክርም።

ዘይቱ እንዲሞቅ ትንሽ ነድተናት መጣን፤ ሜዳ ላይ አቁመን ጎማዎቿን በድንጋይ ደገፍን። መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው፣ የመሙያው ቡሎን ነው። የታችኛውን አስቀድሞ ዘይቱን ያፈሰሰ ሰው የላይኛው እምቢ ቢለው መኪናው ባዶውን ይቀራል። ኡስታዛችን ውዱእ ሲያስተምሩን ስለ ተርቲብ የሚቆጡት ቁጣ ትዝ ብሎን ሳቅን። ቡሎኑ ግን አላሳቀንም። ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክተን እየተፈራረቅን ስንታገል ዙህር አዛን አለ።

ከሶላት በኋላ የታችኛውን ስንፈታ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ዘይት ወረደ። የዚህ ቡሎን ጫፍ ማግኔት ነው፤ ግራጫ ጭቃ የመሰለ የብረት ብናኝ ቢለጠፍበት አያስደነግጥም። በጨርቅ ስንጠርገው ግን ከጭቃው ውስጥ የጥፍር ግማሽ የምታክል ብረት ወጣች። አንድ ጎኗ ለስላሳና የሚያበራ፣ ሌላው ሻካራ። የጥርስ ስባሪ ናት።

ሥራችንን ቆሞ ሲያይ የነበረ አንድ ጎረቤት «ምን ያስጨንቃችኋል? የመጋዝ ዱቄት ከዘይቱ ጋር ጨምሩበት፤ ድምፁ ወር ሁለት ወር ይጠፋል» አለን። የድሮ ብልሃት ነው፤ ይሠራልም። እውነቱን እንናገርና ወዲያው እንቢ አላልነውም። የመጋዝ ዱቄቱን አይደለም ያሰብነው፤ አዲሱን ዘይት ሞልተን ቡሎኑን ማሰርና ዝም ማለትን ነው። ማን ያያል? ሻጭ የዕቃውን ዐይብ መናገር እንዳለበት በመድረሳ ተምረናል፤ የዚያን ጊዜ ግን በምሳሌነት የቀረበልን የምታነክስ በቅሎ ነበረች። የእህታችን ክፍያ በምሳሌው ውስጥ አልነበረም።

ስባሪዋን በወረቀት ጠቅልለን ለአባታችን ወሰድንላቸው። «አባ፣ እስቲ ይችን ይዩልን።»

መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩዋት። «ድምፁን ከረመዳን ጀምሮ እሰማው ነበር» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዘይት ሲቀየር ይጠፋል ብዬ ነበር።» ከዚያ ስልካቸውን አነሱ።

ገዢው ከመግሪብ በፊት መጡ። እኛ አዲሱን ዘይት በላይኛው ቀዳዳ እስኪፈስ ሞልተን ጨርሰን ነበር። ሰውየው ስባሪዋን አይተው፣ ከመኪናዋ ሥር ጎንበስ ብለው፣ ከአባታችን ጋር ብቻቸውን ተነጋገሩ። በመጨረሻ 80 ሺህ ብር ተቀንሶ ተሸጠች። ስባሪዋንም ለመካኒካቸው ሊያሳዩ ይዘዋት ሄዱ።

እህታችን ምዝገባዋን ወደ ሚቀጥለው ሴሚስተር አስተላለፈች። ለሁለት ቀን አላናገረችንም፤ በሦስተኛው ቀን ሻይ አቀረበችልን፤ ስኳር ግን አልነበረውም። አሮጌው ዘይት ቦርከና ወንዝ እንዳይደፋ በጀሪካን ከድነን ግቢው ጥግ አስቀምጠነዋል።