የኬኔዲ ልጅ አሟሟትና የእኔ ጥፋት

ለብዙ ዓመታት አንድ ተረት እንደ ታሪክ አድርጌ ሳስተምር ኖሬአለሁ፡፡

ስለ ፖለቲካ ግድያ ባስተማርኩ ቁጥር ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1963 ዳላስ ላይ፣ ወንድማቸው ሮበርት በ1968 ሎስ አንጀለስ ላይ መገደላቸውን አነሣና «ልጁንም በ1999 በአውሮፕላን አስወገዱት» ብዬ እቋጭ ነበር፡፡ ማን እንዳስወገደው ተናግሬ አላውቅም፤ ተማሪው በልቡ እንዲሞላው ክፍት መተው ይበልጥ ያምር ነበርና፡፡ ልጁ ለእኛ እንግዳ አይደለም፡፡ በአባቱ ቀብር ዕለት፣ ሦስት ዓመት በሞላው ቀን፣ ለአስከሬኑ ወታደራዊ ሰላምታ የሰጠው ሕፃን ነው፡፡ በዚያ ቀብር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከዴ ጎል ጋር በእግራቸው ሄደዋል፡፡

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ዶክተር፣ ይህን የት አነበቡት?» አለችኝ፡፡ «በሰፊው የሚታወቅ ነገር ነው» አልኳት፡፡ ይህንኑ መልስ ተማሪ በፈተና ወረቀት ላይ ቢጽፍልኝ በቀይ አሰምርበት ነበር፡፡ ማታውኑ የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2000 ያወጣውን የምርመራ ውጤት ፈልጌ አነበብኩ፡፡

ሐምሌ 9 ቀን 1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1999)፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ38 ገደማ፣ ጆን ኬኔዲ ትንሹ ባለ አንድ ሞተር ፓይፐር ሳራቶጋ አውሮፕላኑን ከኒው ጀርሲ አስነሣ፡፡ ባለቤቱና እኅቷ አብረውት ነበሩ፡፡ አንድ ሰዓት ያህል በርሮ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት አጠገብ ባሕር ውስጥ ወደቀ፡፡ ሦስቱም ሞቱ፡፡ በስብርባሪው ላይ የቀደመ ብልሽትም ሆነ አየር ላይ የተነሣ ቃጠሎ ምልክት አልተገኘም፡፡

የተገኘው ሌላ ነው፡፡ ሰውየው 310 ሰዓት ያህል የበረረ ቢሆንም በመሣሪያ ብቻ እየተመራ ለመብረር የሚያስችለው ፈቃድ አልነበረውም፡፡ በዚያች አውሮፕላን ያለ አሠልጣኝ በሌሊት የበረረው አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም፡፡ ያን ምሽት ባሕሩ ላይ ጭጋግ ነበር፤ አድማስ የለም፣ መብራት የለም፡፡ ዓይን የሚይዘው ሲያጣ ሰው በጆሮው ይታመናል፤ ሚዛናችንን የሚነግረን በውስጠኛው ጆሮ ያለ ፈሳሽ ነውና፡፡ አውሮፕላን ቀስ ብሎ ሲዞር ግን ያ ፈሳሽ መዞሩን ይለምደዋል፤ አብራሪው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል፡፡ ከፍታው መቀነሱን አይቶ አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ ጥምዝምዙን ያጠብቀዋል፡፡ በመጨረሻ አውሮፕላኑ በደቂቃ ከ4,700 ጫማ በላይ በሚሆን ፍጥነት ይወርድ ነበር፡፡

እንቅልፍ የነሣኝ ግን አንድ አጭር መስመር ነው፡፡ ከአሠልጣኞቹ አንዱ አብሮት እንዲበርር ጠይቆት ነበር፤ ብቻውን ማድረግ እንደሚፈልግ መለሰ፡፡ የምሥጢር እጅ ስፈልግ የኖርኩት ይህን ለማየት ስላልፈለግሁ ይሆን? አምኖበት የሚሳሳት ሰው ለንግግር አይመችም፡፡ ሴረኛ ይመቻል፡፡

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ስህተቴን ተናገርኩ፡፡ ከኋላ አንድ ልጅ «ዘገባውን የጻፈው ማን ነው? መንግሥት አይደል?» አለኝ፡፡ ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም፡፡ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ የሚል ዜና እየሰማ፣ ያ ኮሚቴ ምን እንዳገኘ ሳይሰማ ላደገ ልጅ ጥያቄው ተገቢ ነው፡፡ የራዳሩን መረጃ፣ የስብርባሪውን ምርመራ፣ የበረራ ሰዓቶቹን ስሌት አንድ በአንድ አሳየሁት፤ ከእኔም ከመንግሥትም ቃል ውጪ ራሱ እንዲመዝነው ነገርኩት፡፡ አልተዋጠለትም፡፡ የመጀመሪያዋ ተማሪ ግን ከክፍል ስንወጣ ጠብቃ «ባለፈው ዓመት የተማሩትስ፣ ዶክተር?» አለችኝ፡፡

ለእነርሱ ነው የጻፍኩት፡፡