የአባዬ ምርቃት ቁጥር አንድ ላይ ነው

እስቲ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የቁም ሳጥኑን አናት ወይም የቡፌውን የታችኛውን መሳቢያ ከፈት አድርጋችሁ ተመልከቱ። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዳስ ጥሎ የደገሰ ቤተሰብ ካላችሁ አንድ ሁለት ጥቁር የቪዲዮ ካሴት አይጠፋም። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ሠርግ 1»፣ «ሠርግ 2»፣ «መልስ» ተብሎ ተጽፎበታል። ማጫወቻው ዴክ ግን ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ ለሰው ተሰጥቷል፣ ወይ ደግሞ ዳንቴል ለብሶ ቴሌቪዥኑ ሥር ጌጥ ሆኗል። አዲስ ልግዛ ብትሉም የለም። የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ የመጨረሻዎቹን ዴኮች አምርቶ ያቆመው በ2008 ዓ.ም ሐምሌ ወር ነው። ስለዚህ የሚሠራ ዴክ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ቡና መጠራራቱን ከአሁኑ ጀምሩ። እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

የእኛ ቤት ካሴት የታላቅ እህቴ የእትዬ ሠርግ ነው፤ 1991 ዓ.ም። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ነጭ ቀሚስ ለብሼ፣ አበባ ይዤ፣ ካሜራውን እንደ ጠላት እያየሁ ቆሜያለሁ። አባዬ በ1994 ዓ.ም አረፈ። ፎቶው በየግድግዳው አለ፤ ድምፁ ያለው ግን እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው። እማዬ «የአባትሽን ድምፅ አንዴ ብሰማው» ማለት ከጀመረች ቆይታለች፤ ዘንድሮ ግን አዘውትራ ትለው ጀመር።

«ለምን ስልክ ላይ አትጭኚላትም?» ትሉኝ ይሆናል። የተማርኩት ቢዝነስ ነው፣ የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ነው፤ ሥራዬ ያስተማረኝ ከዕቃው በፊት ደንበኛውን ማየት ነው። የእኔ ደንበኛ ሰባ ዓመት አልፏታል። ስልኳ ቁልፍ ያለው ነው። ፍላሽ ብሰጣት ከነጠላዋ ጫፍ ጋር ቋጥራ ታስቀምጠዋለች። ዲቪዲ ማጫወቻዋን ግን ታውቀዋለች። መዝሙሯንና ድራማዋን የምታይበት ስለሆነ ዲስኩን አስገብታ የምትጫነውን ቁልፍ በዳሰሳ ታገኘዋለች። ስለዚህ ሥራው ግልጽ ነበር፤ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ፣ ቆርጦ ማስተካከል፣ ከዚያም በእሷ ማጫወቻ የሚሠራ ዲቪዲ ማድረግ።

መገልበጡ ከባድ አይደለም፤ ረጅም ነው እንጂ። በአንድ በኩል ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ የሚቀበል፣ በሌላው በኩል እንደ ፍላሽ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ አለ። ዴኩ ሲጫወት ኮምፒውተሩ ይቀርጻል። አቋራጭ የለውም፤ የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። መብራት ቢሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ዴኩ ግን ይቆማል፤ እኛ ዘንድ ሁለት ጊዜ ቆሟል። ከመጀመራችሁ በፊት ካሴቱን አንዴ እስከ መጨረሻው ወደፊት አጠንጥናችሁ መልሱት፤ ለዓመታት አንድ ቦታ ተጠምጥሞ የቆየ ክር ይላቀቃል። ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁ ግን ዴክ ውስጥ አታስገቡት። ዴኩንም ያበላሻል፣ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ይሻላል።

እነዚያን ሦስት ሰዓታት እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ አየቻቸው። እኔ የማየው የዘመኑን የሠርግ ቪዲዮ ነበር፤ ሙሽሪት ከጽጌረዳ ውስጥ ስትወጣ፣ ምስሉ በልብ ቅርጽ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ከላይ ደግሞ ያለማቋረጥ የሠርግ ዘፈን ተጭኖበት። እሷ የምታየው ሌላ ነው። ካሜራው ዳሱ ውስጥ እንግዳውን በየጠረጴዛው እየዞረ ሲያሳይ፣ ሰዉ ሲጎርስ፣ አንዳንዱ ፊቱን በእጁ ሲከልል፣ ያ ምንም የማይሆንበት አሥራ ሁለት ደቂቃ ለእሷ ዋናው ነገር ነበር። «ይሄውልሽ እሱም ሄደ። እሷም ሄደች። ይቺ እንኳን አለች፣ ባለፈው ለቅሶ ላይ አግኝቻት ነበር።» አንድ ወጥ ስታማስል የምትታይ ሴት ጋ ስትደርስ «አቁሚው» አለችኝና ዝም ብላ ቆየች። ጎረቤታችን ነበረች፤ እኔን በጀርባዋ ያሳደገችኝ። ፎቶ የላትም። በዓለም ላይ ያለው ምስሏ ያ አራት ሰከንድ ነው።

ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ቪዲዮ ለመቁረጥ ስትቀመጡ እጃችሁ መጀመሪያ የሚሄደው እንዲህ ወዳለው ክፍል ነው፤ ይረዝማል፣ ይሰለቻል። የመኪናውን ሰልፍና የኬክ ቆረሳውን እንደ ልባችሁ ቀንሱ፤ መናፈሻ ውስጥ በዛፍ ሥር የተነሱትንም እንዲሁ። እንግዶቹን ግን ከመንካታችሁ በፊት ዕድሜ የጠገበ ሰው አጠገባችሁ አስቀምጡ። የየሰዉን ስም ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚነግራችሁ አይኖርም።

የአባዬ ምርቃት የሚመጣው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ቀራጩን እግዜር ይስጠው፣ እዚያ ቦታ ላይ ዘፈኑን ዝቅ አድርጎታል። ሙሽሮቹ ተንበርክከው ጉልበት ይስማሉ፣ አባዬ ቀኝ እጁን እትዬ ራስ ላይ፣ ግራውን እሱ ራስ ላይ አድርጎ ይመርቃል። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። መሐል ላይ ድምፁ ይሰበርና ሽማግሌዎቹ «አሜን» እያሉ ይሞሉለታል።

ችግሩ ያ «እሱ» ነው። እትዬና የልጆቿ አባት ከተለያዩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ መለያየታቸውም በሰላም አልነበረም። ዲቪዲውን ልሠራ መሆኑን ስነግራት የመለሰችልኝ አንድ ነገር ነው፦ «እሱ ያለበትን አውጪው።» ከሠርግ ቪዲዮ ሙሽራውን አውጡ ብትባሉ ምን እንደሚቀር አስቡት። ሦስት መንገድ ሞከርኩ። አባዬ ብቻ እንዲታይ ምስሉን አጉልቼ ጠርዙን ቆረጥኩ፤ የካሴት ምስል ድሮውንም ደብዛዛ ነውና ሲጎላ የአባዬ ፊት ራሱ ጠፋ። ከዚያ ድምፁን ትቼ ከላይ የአባዬን ፎቶ አደረግኩበት፤ ለእማዬ ባሳያት «እጁስ?» አለችኝ። ሦስተኛው ሁለተኛዋ መስመር ላይ ሲደርስ የሚያቋርጥ ነበር። እሱን ለማንም አላሳየሁም።

የእትዬ የመጀመሪያ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ናት። አንድ ቅዳሜ መጥታ ጀርባዬ ቆማ ስታይ ቆየችና «አክስቴ፣ እኔ እኮ እናትና አባቴን አንድ ላይ ሲስቁ አይቼ አላውቅም» አለችኝ። ምን ይመለሳል? ቡና አፍልቼ ሰጠኋት።

በማግስቱ እትዬን ቤቴ ጠራኋትና የጆሮ ማዳመጫ ሰጥቼ አራቱን ደቂቃ ሳይቆረጥ አሳየኋት። እኔ ማድ ቤት ገባሁ። ስመለስ ሁለተኛ ጊዜ እያየችው ነበር። «የመልሱን ጭፈራ አውጪልኝ» አለች። «ይሄን ግን እንዳትነኪው።» እንደዚያው ሆነ። ሙሉውን፣ ያልተቆረጠውን ግልባጭ ደግሞ በሃርድ ዲስክ አስቀመጥኩት፤ የልጆቹም ሠርግ ነውና።

አሁን ወደ ዲስኩ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ነው። የአጎቴ ልጅ ከዓመታት በፊት የክርስትና ቪዲዮ ዲስክ ላይ ገልብጦ ሰጥቶን የእማዬ ማጫወቻ አላነብም ብሎ ነበር። ዲስኩ ጤነኛ ነው። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ፣ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ፋይል እንዳለ ወደ ዲስክ ስትገለብጡ የሠራችሁት የፋይል ማስቀመጫ ነው። አንዳንድ አዳዲስ ማጫወቻዎች ይቀበሉታል፣ የድሮዎቹ ግን የሚያውቁት አንድ ቋንቋ ብቻ ነው፤ ምስሉ ኤምፔግ 2 በሚባለው መንገድ ታምቆ፣ «ቪዲዮ ቲኤስ» በሚል ፎልደር ውስጥ በራሱ ሥርዓት ተከፋፍሎ መቀመጥ አለበት። ይህን የሚሠራው የዲቪዲ ማዘጋጃ ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስ ቪስታና 7 ላይ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ቀርቷል። እኔ የተጠቀምኩት ዲቪዲ ስታይለር የሚባለውን ነው፤ በነፃ ይገኛል። ላፕቶፓችሁ የዲስክ ማስገቢያ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ የውጭ ዲቪዲ ራይተር ያስፈልጋችኋል።

ሶፍትዌሩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ፓል ወይስ ኤንቲኤስሲ ብሎ ነው። ዝም ብላችሁ አትለፉት። የእኛ አገር ቴሌቪዥን የሚሠራው በፓል ነው፤ በሰከንድ 25 ምስል፣ መጠኑ 720 በ576። አሜሪካ ደግሞ ኤንቲኤስሲ ነው፣ 720 በ480። የእኛ ማጫወቻዎች አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ያነባሉ፤ እዚያ የሚሸጡት ብዙዎቹ ግን የእኛን አያነቡም። ሜሪላንድ ላለው አጎቴ ለብቻው በኤንቲኤስሲ ሠርቼ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ሰው ሲሄድ ላክሁለት። ቀጥሎ የምስሉ ቅርጽ ነው፤ የካሴት ምስል 4 በ3 ነው። 16 በ9 ብትሉት ሰዉ ሁሉ ጎኑ ሰፍቶ፣ ሙሽሪት ወፍራ ትታያለች። ከእህቶቻችሁ ጋር አትጣሉ።

ስለ ቦታው፦ ተራው ዲስክ ላይ 4.7 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፏል፤ ኮምፒውተራችሁ ግን 4.37 አካባቢ ነው ብሎ ያሳያችኋል። አልተጭበረበራችሁም፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። በጥሩ ጥራት አንድ ሰዓት፣ በመካከለኛ ጥራት ሁለት ሰዓት ይይዛል። ለካሴት ግልባጭ ሁለት ሰዓቱ ይበቃል፤ ደብዛዛን ምስል ምንም ያህል ቦታ ብትሰጡት አይጠራም። ሦስት ሰዓት አንዱ ላይ ከማፈን ሁለት ዲስክ ማድረግ ይሻላል።

እኔን ደስ ያለኝ ሥራ ሜኑው ነበር። ሶፍትዌሩ የሚያቀርባቸው ሜኑዎች እንግሊዝኛ ናቸው፣ ፊደሎቻቸውም ደቃቃ። ፓወርፖይንት ላይ የዳሱን ፎቶ መደብ አድርጌ በትልልቅ የአማርኛ ፊደል ጻፍኩና እንደ ምስል አስገባሁት፤ ቁልፎቹን ከላይ አስቀመጥኳቸው። አራት ነገር ብቻ ነው ያለው፦ አንድ፣ የአባዬ ምርቃት፤ ሁለት፣ ዘመድ ወዳጅ፤ ሦስት፣ ቤተ ክርስቲያን፤ አራት፣ ሙሉው። ጽሑፉን ከጠርዝ ራቅ አድርጉት፤ የድሮ ቴሌቪዥን ዳር ዳሩን ይበላል። አንዱ ክፍል ሲያልቅም ወደ ሜኑው እንዲመለስ እዘዙት፣ አለዚያ እማማ ጥቁር ስክሪን ላይ አፍጥጠው ይቀራሉ።

በቀጥታ ዲስክ ላይ አትጻፉ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጡትና በቪኤልሲ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ቁልፍ ሞክሩ። ከዚያ በርን ስታደርጉ ፍጥነቱን ወደ 4 ወይም 8 ዝቅ አድርጉት፣ እስኪጨርስም ላፕቶፑን አትንኩት፤ ያረጁ ማጫወቻዎች ተረጋግቶ የተጻፈውን ይወዳሉ። ዲስኩ ላይ ወረቀት አትለጥፉ፣ ሲዞር ሚዛኑን ያዛባዋል፤ ለዲስክ በሚሆን ለስላሳ ማርከር መጻፍ ይበቃል። ፀሐይ በማይነካው ቦታ በመያዣው ውስጥ ቁሙ ይቀመጥ። ዲስክ ላይ አለ ብላችሁም ሃርድ ዲስክ ላይ ያለውን አታጥፉ፤ ዲስክም ይጫጫራል፣ ልጅም ሳህን ያደርገዋል።

እማዬ ቁጥር አንድን ብቻ ነው የምትከፍተው። ጠዋት ቡና ሲፈላ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ። ሠራተኛዋ ምርቃቱን በቃሏ ይዛዋለች፤ አባዬ ድምፁ የሚሰበርበት ቦታ ሲደርስ ሁለቱም ከሽማግሌዎቹ ጋር «አሜን» ይላሉ። እትዬ እሑድ እሑድ ስትመጣ አታስቆመውም፣ ቁጭ ብላም አታየውም፤ ማድ ቤት ሆና ትሰማዋለች።

ባለፈው ሳምንት ልጇ ደወለችልኝ። ለአባቷ አንድ ኮፒ ትፈልጋለች፤ «እማዬን ልጠይቃት ወይስ አንቺ ትጠይቂልኛለሽ?» አለችኝ። እኔ ጠየቅኋት። እትዬ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ቀና አላለችም። «መልሱን ያወጣሽበትን ነው የምትሰጪው ወይስ ሙሉውን?» አለች። የፈለግሽውን አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ሙሉውን ስጪው» አለች።

ሁለት ዲስክ ሆነ። ማርከሩ ስላለቀብኝ እስክገዛ ድረስ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው።