ቀለም ቆጥሮ መጀመር

የሥነ ግጥም ኮርስ ብዙ ጊዜ በስም ዝርዝር ይጀመራል፤ ቅርጻዊነት፣ ማርክሳዊ ሂስ፣ እንስታዊ ሂስ፣ የአንባቢ ምላሽ። ተማሪው ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል። አንድ ግጥም ሲሰጡት ግን ምን ብሎ እንደሚጠይቀው ግራ ይገባዋል።

እንግሊዛዊው ሐያሲ አይ. ኤ. ሪቻርድስ ካምብሪጅ ላይ የገጣሚዎቹን ስም ደብቆ ግጥሞቹን ብቻ ለተማሪዎቹ አደለና አስተያየታቸውን በጽሑፍ ሰበሰበ። በ1929 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደምናየው፣ ጆን ደንን የመሰለውን ገጣሚ ብዙዎቹ አጣጣሉት፤ ተራውን ስንኝ አሞገሱት። ስም መደበቁን እኔም እወደዋለሁ። ከሥሩ «ፀጋዬ ገብረ መድኅን» የሚል ካለበት የኛ ተማሪ ሳያነብ ያጨበጭባላ!

ሌላም ልማድ አለን። ከቅኔ የወረስነው ነው፤ ወርቁን ስንፈልግ ሰሙን ረግጠነው እናልፋለን። ስለዚህ ከቀለም ቆጠራ እጀምራለሁ። ወል ቤት 6 በ6 ይሄዳል፣ ሰንጎ መገን 5 በ5። ገጣሚው ምቱን የቱ ጋ ሰበረው? ለምን እዚያ? «ቅርጻዊነት» የሚለውን ስም የምናገረው ክፍሉ በዚህ ከተከራከረ በኋላ ነው።

እንስታዊ ሂስን ደግሞ በወፍጮ እንጉርጉሮ አስተምራለሁ። ምራት አማቷን ፊት ለፊት መውቀስ ነውር ነው፤ በዜማ ግን ትችላለች። ማን ይናገራል? ለማን? ማን እንዳይሰማ? ከኋላ ወንበር አንዱ ተነሥቶ «ለመሆኑ ዱቄቱን የሚበላው ማነው?» ካለ ማርክስ ሳይጠራ ክፍል ገባ ማለት ነው። ሁለቱ ንባቦች ሲጋጩ አላስታርቅም፤ ከዚያ ጠብ የሚማሩት ከኔ ማብራሪያ ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ያሰጋኛል። በ1971 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ሐያሲ ስታንሊ ፊሽ ከቀደመው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ የቀረ የምሁራን ስም ዝርዝር ነበረው። ለሚቀጥሉት ተማሪዎች «ሃይማኖታዊ ግጥም ነው» አላቸው፤ እነሱም ከስሞቹ ውስጥ ምሥጢረ ሃይማኖቱን አመሰጠሩት። ፊሽ ከዚህ ተነሥቶ ግጥምን ግጥም የሚያደርገው አንባቢው ነው ይላል። እኔ እዚያ ድረስ አልከተለውም። ወርቅ ፍለጋ የለመደ ክፍል ውስጥ ይሄ የሚያስፈራ ታሪክ ነው፤ የፈለገውን የማያገኝ ንድፈ ሐሳብ የለምና።

ለዚህ ነው ማንም ተማሪ፣ በየትኛውም መንገድ ያንብብ፣ ንባቡ ሊፈታው ያልቻለውን አንድ ስንኝ በጽሑፉ መጨረሻ እንዲያነሣ የማዝዘው። ብዙዎቹ ይህችን አንቀጽ ይጠሏታል። ማርኩን በብዛት የምሰጠው ግን ለሷ ነው።