የንጉሡ ግንብ፣ የጠማቂው መሰላል

መስከረም ሲጋመስ፣ በደቡብ ምዕራብ ለንደን ባለው ሪችመንድ ፓርክ ጎህ ሳይቀድ የሚያደቡ ሰዎች ይታያሉ። ዥጉርጉር ጃኬት ለብሰው፣ ረጃጅም ሌንስ ተሸክመው፣ በእርጥቡ ሣር ላይ እየተንፏቀቁ። የሚያድኑት ፎቶ ነው። ወንዱ ቀይ አጋዘን በመራቢያው ወራት በቀንዱ ሣርና ቅጠል እየዛቀ ይኳኳላል፤ ተቀናቃኙን ሊያስፈራራ ሲያገሳም እስትንፋሱ በብርዱ ውስጥ ይተናል። ፎቶ አንሺ ሁሉ እንቅልፉን የሚሰዋው ለዚያች እንፋሎት ነው።

ማድባቱ ግን ከካሜራ በፊት የተጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1625 ወረርሽኝ ለንደንን ሲመታ፣ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ የቤተ መንግሥት ሰዎቹን ይዞ ወደ ሪችመንድ ሸሸ። አገሩ ለአደን ተመቸው። በ1637 የራሱንም የሰውንም መሬት አንድ ላይ አድርጎ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ግንብ አጠረው። ባለርስቶቹ አጉረመረሙ፤ የእግር መንገደኛ ግን እንዲያልፍ ተፈቀደ። ንጉሡ በ1649 አንገቱን ተቀላ፤ ግንቡ ግን ቀረ።

ታሪኩ የሚጣፍጠው ከዚህ በኋላ ነው።

በ1751 የፓርኩ ሹመት ለንጉሥ ዳግማዊ ጆርጅ ልጅ፣ ለልዕልት አሜሊያ ተሰጠ። ልዕልቲቱም በሩን ለወዳጆቿና ፈቃድ ላላቸው ብቻ አደረገችው። ጆን ሉዊስ የሚባል የሪችመንድ ቢራ ጠማቂ ከበር ሲመለስ ክስ መሠረተ፤ በ1758 ረታ። ዳኛው «በር ይሻልሃል ወይስ መሰላል?» ቢሉት መሰላል መረጠ። በር አጋዘኖቹ እንዳይወጡ መዘጋቱ አይቀርም፤ የተዘጋ በር ደግሞ ለመቆለፍ ይመቻል። መሰላሉ ተሠራ፤ እርከኑ ግን ሽማግሌና ሕፃን እንዳይወጡት ሆኖ ተራራቀ። በፍርድ የተረታ ሹም በእርከን ስፋት ሲበቀል ማየት ለእኛ ለቢሮ ደጅ ጠኚዎች እንግዳ አይደለም! ሉዊስ እንደገና አቤት አለ፤ ዳኛውም አሮጊትም ጭምር እንድትወጣው ሆኖ ይስተካከል ብለው አዘዙ።

ዛሬ መግቢያው በነጻ ነው። በውስጡ 630 ገደማ አጋዘኖች ይኖራሉ፤ ቀዮቹና ነጠብጣቦቹ። ፓርኩ ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ ይላል። ባለ ረጅም ሌንሱ ይህ አይከብደውም፤ የሚያስቸግረው በስልክ ሊያነሳ ከቀንዱ ሥር የሚሄደው ነው።

ጠመንጃውም ከፓርኩ ጠቅልሎ አልወጣም። የአጋዘኖቹ ቁጥር ከግጦሹ እንዳይበልጥ በየዓመቱ በቅዝቃዜው ወራት የተወሰኑት በጥይት ይቀነሳሉ። ይህ የሚሆነው ግን ማታ፣ የእግረኛ በሮቹ ተዘግተው፣ ፎቶ አንሺ በሌለበት ነው።