ዓሣውና አሥጋሪው በሌንስ ፊት

በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ያቆረው ውሃ የሰሃላን ቆላ ገበሬ መረብ አስጨብጦታል። አሥጋሪው ቆሮሶውን ወደ ፊት ዘርግቶ ሲቆም፣ ፎቶግራፍ አንሺው በባለ28 ሚሊሜትር ሌንስ ተጠግቶ ቢያነሣው ዓሣው ጥጃ ያህላል፤ ሌሊቱን በውሃ ላይ ያደረው ሠራተኛ ግን ከኋላው ኮስሶ ይታያል። ምርቱን ለማጉላት ሲባል አምራቹን ማሳነስ ምን ይባላል? ባለ50 ሚሊሜትሩ፣ ጥቂት ወደ ኋላ ተብሎ ሲነሣበት፣ ሁለቱንም በልካቸው ያቀርባል።

የብልጭታው ነገር የባሰ ነው። ፊት ለፊት ሲበራ እርጥቡ ቅርፊት እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል፤ አውቶማቲኩ መሣሪያ በዚህ ተታሎ ብርሃኑን ሲቆጥብ የሰውየው ፊት ይጨልማል። ስለዚህ ብልጭታውን ከካሜራው ነቅሎ በገመድ ወደ ጎን ማራቅ፣ ስስ ነጭ ጨርቅም ማልበስ ይገባል፤ ነጠላም ቢሆን ያገለግላል።