ከማርሹ ሥር የተደበቀው

ወዳጆቼ፣ ሁለት ወር ሙሉ ያፈንኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ነገሩ ትንሽ ነው፤ በሁለት ጣት የሚያዝ የፕላስቲክ ቁራጭ። ግን አባቴን ከመኪናው ሊያስወርደው ምንም አልቀረውም ነበር።

አባቴ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ ሃይሉክስ ፒካፕ አለችው። ከመቂ ቲማቲምና ሽንኩርት እየጫነ ወደ አዳማ ያመጣባታል፤ እኛን ልጆቹን ያስተማረንም በእርሷ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የኳየራችንን ስፒከርና ኪቦርድ በእርሷ የማመላልሰው እኔ ነኝ።

አንድ ቅዳሜ የልምምድ ሰዓት አልፎብኝ ስቸኩል ሁለተኛ ማርሽ አልገባ አለኝ። ፍሪሲዮኑን በደንብ ሳልረግጥ ዘንጉን ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት። ከሥር “ቀጭ” የሚል ድምፅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ማርሹ ገንፎ ውስጥ እንደ ተተከለ ማንኪያ ሆነ፤ አንደኛ ስፈልግ ሦስተኛ ይገባል። እንደ ምንም ቤት ደረስኩ፤ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩና ዝም አልኩ።

ለምን ዝም አልክ ብትሉኝ፣ ፈርቼ ነው። አንድ ጋራዥ በድብቅ ጠይቄ “ካምቢዮው መውረድ አለበት” ብለውኝ ነበር፤ የጠሩት ዋጋ ከቤታችን አቅም በላይ ነው። “አባዬ ራሱ ያየዋል፤ ከእርጅናዋ ነው ብሎ ያልፈዋል” ብዬ አሰብኩ። እሑድ ግን እጆቼን አንስቼ መድረክ ላይ ዘመርኩ።

አባቴ ምንም አላለም። ነገር ግን በሳምንት ሦስቴ የነበረው የመቂ ጉዞው አንዴ ሆነ። አንድ ማታ ጓዳ ውስጥ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁት፦ “እጄ ከዳኝ መሰለኝ። ማርሹን አላገኘው አልኩ። አርጅቻለሁ፤ መኪናዋን ሸጬ ልረፍ።”

በቆምኩበት ደርቄ ቀረሁ። እኔ የሰበርኩትን ዕቃ እርሱ በገዛ እጁ ድካም አሳብቦታል።

ገብቼ ነገርኩት። “ማርሹን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ እጅህ ምንም አልሆነም” አልኩት። ቁጣ ስጠብቅ፣ ቀኝ እጁን አንስቶ መዳፉን አየው፤ ጣቶቹን አጠፈ፣ ዘረጋ። “ሁለት ወር ሙሉ?” አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ያቺ ጥያቄ ከዱላ ይልቅ አመመችኝ።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ወዳሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄድን። ጋሼ አስቀድመው ሞተሩን አስጠፉኝና ዘንጉን ነቀነቁት። “ሞተሩ ጠፍቶ ማርሹ ደህና እየገባ፣ ሲነሣ ብቻ የሚጮኽ ቢሆን ፍሪሲዮኑን እጠረጥር ነበር። ይኼ ግን ጠፍቶም ይንገዋለላል። ካምቢዮ ከማውረዳችን በፊት የዘንጉን ሥር እንየው” አሉ። የእጅ ፍሬን አስያዙ፣ ጎማ ሥር ድንጋይ አስደረጉ፣ ዜሮ ማርሽ ላይ አደረጉት። እጀታውን ፈቱ፤ የጎማ ሽፋኑን የያዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ አወለቁ። ከሥር ያለውን ክዳን ወደ ታች ተጭነው ወደ ግራ ሲያዞሩት ዘንጉ ተላቅቆ ወጣ።

የዘንጉ የታችኛው ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ነው። ያ ክብ ክፍተት ሳይኖረው እንዲቀመጥ ቡሺንግ የሚሉትን ፕላስቲክ ይለብሳል። የእኛው ግማሹ የለም፤ የቀረውም በእርጅና ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጋሼ ወደ ውስጥ የወደቀውን ስብርባሪ በረጅም ፒንሳ አንድ በአንድ ለቀሙና ቀዳዳውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፈኑት። “እዚህ አሸዋ ከገባ ካምቢዮው ያን ጊዜ በእውነት ይወርዳል” አሉን። አዲሱን ቡሺንግ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አስመጣን። ግሪስ ቀብተው አለበሱት፤ ዘንጉን መልሰው ክዳኑን ተጭነው ወደ ቀኝ አዞሩት። ዋጋው ከአንድ ሳጥን ቲማቲም አይበልጥም። “ጥርሶቹ ጤነኛ ናቸው፤ ሌላ ሁለት ወር በግድ ብትነዷት ግን እንጃ” አሉ ጋሼ።

መዝሙር 32 ላይ ዳዊት ኃጢአቱን ይዞ ዝም ባለበት ጊዜ ሰውነቱ እንዴት እንደ ዛለ ይናገራል። ሁልጊዜ ሳነብበው የሚዝለው ደባቂው ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔ ዝም ስል ግን የዛለው አባቴ ነው። እኛ ስንደብቅ ሌላው ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ ይፈልጋል። ገንዘብ የወሰደ ልጅ ሲደብቅ እናቱ “መቁጠር አቃተኝ” ትላለች። እጮኛውን የሚዋሽ ወጣት ሲደብቅ እርሷ “ምነው ተጠራጣሪ ሆንኩ?” ብላ ራሷን ትወቅሳለች።

በእነዚያ ሁለት ወራት ማታ ማታ ለጌታ ተናዝዣለሁ፤ ጌታም ይቅር ባይ ነው። ግን ጸሎቴን ከአባቴ መሸሸጊያ አድርጌው ነበር። ጌታ ኢየሱስ በተራራው ስብከቱ መባውን ይዞ የመጣውን ሰው አስቀድሞ ሄዶ ከወንድሙ ጋር እንዲታረቅ ያዘዘው ለእኔ ዓይነቱ ዘማሪ ይመስለኛል። እናንተስ? በእናንተ ዝምታ ምክንያት “እጄ ከዳኝ” የሚል ሰው ቤታችሁ ውስጥ ይኖር ይሆን? ዛሬ ማታ ሂዱና ንገሩት።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አነሣ። እኔም ከጎኑ ተቀመጥኩ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ ሁሉም በየቦታው ገባ። እጁም አልተንቀጠቀጠም። ሞጆ ስንደርስ ዳር ይዞ አቆመና ወረደ።

“በል አንተ ንዳ” አለኝ። “ፍሪሲዮኑን ግን እስከ ታች ርገጥ።”