የገበሬ እጅ የሠራው ሰዓት

ፊደል የለየ ሰው ከቀዬው ሳይወጣ ሩቅ አገር ይደርሳል። ዛሬ በንባብ አብረን ወደ ስዊዘርላንድ እንሂድ። የምንጎበኘው የሰዓት ቤተ መዘክር ነው። ቤተ መዘክር ማለት የጥንት ዕቃ ተጠብቆ ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስዊዘርላንድ በአውሮፓ መካከል ያለች፣ ተራራ የበዛባት፣ የባሕር በር የሌላት ትንሽ አገር ናት። ከፈረንሳይ ድንበር አጠገብ ላ ሾ ደ ፎን የምትባል ከተማ አለች። ከፍታዋ 1,000 ሜትር ያህል ነው። በእኛ አገር 1,000 ሜትር ቆላ ነው፤ ማሽላ ይበቅልበታል። እዚያ ግን ብርዱ አይጣል ነው። በብርድ ወራት በረዶ ምድሩን ይሸፍነዋል። ስለዚህ የጥንቱ ገበሬ ይበልጡን የሚኖረው በከብቱ ነበር።

ታዲያ በረዶ ሲወርድ ገበሬው ምን ይሥራ? ከ1700ዎቹ ጀምሮ ብዙዎቹ በየቤታቸው የሰዓት ዕቃ መሥራት ያዙ። ጠረጴዛቸውን ከመስኮት ሥር አደረጉ፤ ለጥቃቅን ሥራ ብርሃን ያስፈልጋላ! አንዱ ጥርስ ያለው መንኮራኩር ይሞርዳል። ሌላው ቆጣሪውን ይሠራል። ሌላው ደግሞ የሰዓቱን ፊት ይቀባል። ሚስትም፣ ልጅም ይሠራሉ። ነጋዴው ከየቤቱ ሰብስቦ ያስገጣጥማል፤ ይሸጣል።

በዚያ አካባቢ ዳንኤል ዣንሪሻር ስለሚባል ሰው ይተረካል። የሞተው በ1741 ነው። ገና ልጅ ሳለ አንድ ፈረስ ነጋዴ የተበላሸ ሰዓት ይዞ መጣ ይባላል። ልጁ ሰዓቱን ፈትቶ አየ፤ ጠገነው። ከዚያ ያየውን በልቡ ይዞ የራሱን ሰዓት ሠራ። ኋላም ለሌሎች አስተማረ። ወሬው ተጋኖ ሊሆን ይችላል። ሙያው ከሰው ወደ ሰው በመማማር መስፋፋቱ ግን እርግጥ ነው።

ላ ሾ ደ ፎን በ1794 በእሳት ተቃጠለች። እንደገና ስትሠራ መንገዶቿ እንደ እርሻ ትልም ቀጥ ብለው ጎን ለጎን ተዘረጉ። ቤቶቹም ብርሃን እንዲያገኙ ተራርቀው ተሠሩ። ከተማዋ ለሰዓት ሥራ እንድትመች ሆና በመሠራቷ፣ ዩኔስኮ በ2009 ከጎረቤቷ ከለ ሎክል ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገባት።

አሁን ወደ ቤተ መዘክሩ እንግባ። የሰዓቱ ስብስብ ለሕዝብ የተከፈተው በ1902 ነው። የዛሬው ሕንፃ የተመረቀው ግን በ1974 ነው። አብዛኛው ክፍል ከመሬት በታች ነው። በውስጡ ከ4,000 የሚበልጡ ዕቃዎች ተከማችተዋል። ሰው ጊዜን በጥላ፣ በውሃ፣ በአሸዋም ለክቷል። የእኛም ሽማግሌዎች ጥላን በእግር እየሰፈሩ ሰዓቱን ያውቁ የለም?

የድሮው የእጅና የኪስ ሰዓት ግን በምን ይሄዳል? በውስጡ የተጠቀለለ ቀጭን ብረት አለ። ሞላ ይባላል። ሰዓቱን ስንሞላው ሞላው ይጠበቃል፤ ኃይል ይይዛል። ኃይሉ ባንድ ጊዜ እንዳያልቅ፣ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ መንኮራኩር ያግደዋል። በተወዛወዘ ቁጥር ጥቂት ኃይል ብቻ ያሳልፋል። «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚለው ድምፅ ከዚያ የሚመጣ ነው። በብዙዎቹ የድሮ ሰዓቶች ይህ ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 5 ጊዜ ይሰማል። በአንድ ሰዓት 18,000 ጊዜ ማለት ነው!

የሰዓቱን ፊትም እንየው። ፈረንጆች ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ይቆጥራሉ። እኛ ደግሞ ንጋትን መነሻ እናደርጋለን። ስለዚህ አቆጣጠራችን በ6 ሰዓት ይለያያል። በፈረንጅ የተሞላ ሰዓት ካጋጠማችሁ፣ አጭሩ ቆጣሪ ካለበት ቁጥር ፊት ለፊት ያለውን አንብቡ። 9 ላይ ከሆነ ከፊት ለፊቱ 3 አለ። በእኛ 3 ሰዓት ነው። መሣሪያው አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ የየአገሩ ነው።

ይኸው የሰዓት ፊት ግን ክፉ ታሪክም አለው። በጨለማ እንዲያበራ ራዲየም የሚባል ነገር ያለበት ቀለም ይቀባ ነበር። ራዲየም ጨረሩ አይታይም፣ አይሸትም፤ አጥንት ግን ይበላል። በአሜሪካ የሚቀቡት ወጣት ሴቶች ነበሩ። ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ይሠሩ ነበር። አሠሪዎቻቸው «አይጎዳም» ይሏቸው ነበር። ከዚያ የብዙዎቹ መንጋጋ በሰበሰ፤ የሞቱም አሉ። 5 ሴቶች በ1927 አሠሪያቸውን ከሰሱ፤ በ1928 ካሣ ተከፈላቸው። በስዊዘርላንድም ይህ ቀለም እስከ 1963 ድረስ ይሠራበት ነበር፤ በየቤታቸው ሆነው የሚቀቡም ነበሩ። መንግሥት ከ2015 ጀምሮ እነዚያን ቤቶች እያስፈለገ አስመረመረ፤ የተበከሉትን አስጸዳ። ላ ሾ ደ ፎን ውስጥም እንዲህ ያሉ ቤቶች ተገኝተዋል።

እንግዲህ የሰዓቱን ውበት ብቻ ያየ ሰው ግማሹን ነው ያየው። ማን ሠራው? ስንት ተከፈለው? በምን ተጎዳ? ብሎ የጠየቀ ነው ሙሉውን የሚያየው።

ይህ ለእኛም ትምህርት ነው። የተባይ መርዝ በእጃችን እንይዛለን። ጣሳው ላይ ጽሑፍ አለ። ትናንት ሌላ ሰው «አይጎዳም» ቢለን ከማመን በቀር ምርጫ አልነበረንም። ዛሬ ግን ማንበብ ችለናል። ከመክፈታችን በፊት እናንብበው።

ለመወያያ፦
1. በአካባቢያችን እርሻ በማይኖርበት ወራት ምን የእጅ ሥራ ይሠራል? ዋጋውንስ ማን ይወስናል?
2. የተባይ መርዝ የት ይቀመጣል? ጣሳውን ከቤት ማን አነበበው?
3. አጭሩ ቆጣሪ 8 ላይ ከሆነ በእኛ ስንት ሰዓት ነው?